ማር ሜኖር፦ የሕግ ሰውነት የተሰጠው ባሕር

በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በሙርሲያ ክልል፣ ማር ሜኖር የሚባል ጨዋማ ውሃ አለ። «ትንሹ ባሕር» ማለት ነው። ስፋቱ 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ይበልጣል። ጥልቀቱም ቢበዛ 7 ሜትር ነው። ከሜዲትራኒያን የሚለየው ላ ማንጋ የተባለ ቀጭን የአሸዋ መሬት ነው። ላ ማንጋ «እጅጌ» ማለት ሲሆን ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህ እጅጌ ሆቴልና አፓርታማ ተደርድሮበት ዛሬ አሸዋውን ማየት ራሱ ይቸግራል።

ድሮ ውሃው ከሜዲትራኒያን በጣም የበለጠ ጨዋማ ነበር። በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ጀልባዎች ተብሎ ኤል ኤስታሲዮ የተባለው መተላለፊያ ሰፋ። የውጭው ባሕር በብዛት ገባ፤ ጨውነቱ ቀነሰ። ከውሃው ጋር አዳዲስ ፍጥረታትም ገቡ። ያም ሆኖ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። የባሕር ፈረስ እንደ ልብ ይታይበት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹም ከዚያው ባወጡት ዓሣ መረቅ ሩዝ የሚያበስሉበት ካልዴሮ የሚባል ምግብ አላቸው፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም ይኮራበታል።

ጉዳቱ የመጣው ከነዳጅ መርከብም ከፋብሪካ ጭስም አይደለም። ከሰላጣ ነው። ከባሕሩ ጀርባ የተዘረጋው የካርታሄና ሜዳ ዝናቡ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በ1979 ግን ከታሆ ወንዝ በቦይ የተጠለፈ ውሃ ወደዚህ አካባቢ መምጣት ጀመረ። ደረቁ ሜዳ የመስኖ እርሻ ሆነ፤ ሰላጣ፣ ብሮኮሊ፣ ሐብሐብ፣ ሎሚ። ምርቱ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን አውሮፓ ይሄዳል። ማዳበሪያው ግን እዚያው ይቀራል። ተክሉ ያልተጠቀመበት ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፣ ቀስ ብሎም ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። የቦዩ ውሃ ሲያጥር ደግሞ ጨዋማውን የጉድጓድ ውሃ በትንንሽ ማሽን እያጣሩ የሚያጠጡ ነበሩ፤ ፈቃድ የሌላቸውም ብዙ ነበሩ። ከማጣሪያው የሚተርፈው ውሃ ጨውና ናይትሬት የተከማቸበት ነው። እሱም መጨረሻው ያው ባሕር ነው።

የሚገርመው ባሕሩ ይህን ሁሉ ለዓመታት ደብቆ መያዙ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጄሊፊሽ የተባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ በገፍ ተራባ። አንደኛው ዓይነት ከላይ ሲታይ ቁርጥ የተጠበሰ እንቁላል ነው። ዋናተኞች ተማረሩ፤ መረብ ተዘረጋ፣ በጀልባ እየተዛቀ ወጣ። ነገር ግን እነዚሁ የተጠሉ ፍጥረታት ማዳበሪያው የሚያራባቸውን ደቃቅ እፅዋት እየበሉ ውሃውን ያጠሩት ነበር። ሰው በእነሱ ሲያማርር፣ እነሱ የሰውን ጥፋት ሲያጸዱ ኖሩ ማለት ነው።

በ2016 ግን አልቻለም። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ስፔኖቹ «አረንጓዴ ሾርባ» አሉት። ብርሃን ወደ ታች መድረስ አቆመ። ከባሕሩ ወለል እፅዋት 85 በመቶ ያህሉ ሞተ።

ከዚያ 2019 መጣ። በመስከረም ከባድ ጎርፍ የእርሻውን አፈርና ማዳበሪያ ይዞ ገባ። ቀላሉ የዝናብ ውሃ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ጨዋማው ከታች ተዘጋ። የታችኛው ኦክስጅን አለቀበት። ኦክቶበር 12 ቀን በቪያናኒቶስ ዳርቻ የሆነውን ሰው በስልኩ ቀርጾታል። ዳርቻው ያለበት ሎ ፓጋን ለቆዳና ለመገጣጠሚያ ይበጃል የሚሉትን ጥቁር ጭቃ እየተቀቡ የሚታከሙበት ሠፈር ነው፤ የእኛን ፍልውሃ አስቡት። በዚያን ዕለት ዓሣው፣ ሽሪምፑ፣ ሸርጣኑ፣ እባብ የሚመስለው ኢል ሳይቀር ወደ ዳር ጎረፈ። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ተደራርበው ትንፋሽ አጥሯቸው ይንፈራገጡ ነበር። ሸሽተው ነው የመጡት፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ አልነበረም። በቶን የሚቆጠር ሞተ። በነሐሴ 2021 ያው ተደገመ። በዚያው ወር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ባሕሩን ከበበ።

ሕጉ የተወለደው ከዚህ ቁጣ ነው። በሙርሲያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፍልስፍና ፕሮፌሰር የሆኑት ቴሬሳ ቪሴንቴ ያቀረቡት ሐሳብ ለሰሚ እንግዳ ነበር፤ ባሕሩ ራሱ የሕግ ሰውነት ይኑረው። ሲታሰብ ግን ያን ያህል አይገርምም። አክሲዮን ማኅበር የሕግ ሰውነት ኖሮት ይከስሳል፣ ይከሰሳል፤ ባሕር ለምን ይቀርበታል? ሕዝብ ሕግ እንዲወጣ ለመጠየቅ 500,000 ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ከ600,000 በላይ ተሰበሰበ፣ ያውም አብዛኛው በኮሮና ጊዜ። በመስከረም 2022 ሕጉ ጸደቀ። ማር ሜኖር በአውሮፓ የሕግ ሰውነት ያገኘ የመጀመሪያው ሥነ ምህዳር ሆነ። ማንኛውም ሰው በባሕሩ ስም ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። ቮክስ የተባለው ፓርቲ ሕጉን ቢቃወምም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2024 አጸናው። ቪሴንቴም በዚያው ዓመት የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አገኙ።

ማዕከላዊው መንግሥት በበኩሉ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ መድቧል። በዳርቻው ሠራተኞች የበሰበሰ አልጌ በመሰቅሰቂያ እየሰበሰቡ ያወጣሉ። አልጌው የሚያድግበት ናይትሬት ግን ለአሥርተ ዓመታት ከእርሻው ሥር ተጠራቅሟል፤ ዛሬ ማዳበሪያ ቢቆምም እሱ መውረዱን አያቆምም። ይህን ለማየት ኤል አልቡሆን የሚባለው ሸለቆ አፍ ላይ መቆም ይበቃል። በዚህ ደረቅ አገር እንዲህ ያለ ሸለቆ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው የሚፈስሰው። ኤል አልቡሆን ግን በበጋም ይፈስሳል።