ሰብልን ማላመድ ምንድን ነው?

አንድ የዱር ተክል ተላመደ የሚባለው፣ ሰዎች ዘሩን ለብዙ ትውልድ እየዘሩና እያጨዱ ሲቆዩ ተፈጥሮው ተለውጦ ያለ ሰው እጅ ዘሩን መተካት ሲሳነው ነው። ማረስ የሰው ሥራ ነው፤ መላመድ ግን ያ ሥራ በተክሉ አካል ላይ ጥሎት የሚያልፈው ለውጥ ነው። ሁለቱን መለየት የሚገባው ሰዎች ገና ያልተላመደ እህል ለረጅም ዘመን ሲዘሩ መኖራቸው ስለሚታወቅ ነው።

ለውጡ በገብስና በስንዴ ዛላ ላይ በግልጽ ይታያል። የዱር ገብስ ሲበስል ዛላው በየአንጓው እየተሰበረ ዘሩ ይረግፋል፤ ተክሉ የሚራባው በዚህ መንገድ ነውና። አልፎ አልፎ ግን በዘረመል ለውጥ ምክንያት ዛላው የማይሰበር ተክል ይበቅላል፤ እንዲህ ያለው በዱር ቢቀር ዘሩን መበተን ስለማይችል ይጠፋል። ሰዎች የበሰለውን አዝመራ በማጭድ ሲሰበስቡ ግን የሚረግፈው መሬት ላይ ይቀራል፣ የማይረግፈው ወደ ጎተራ ይገባል። የከርሞው ዘር ከዚያው ጎተራ ስለሚወጣ፣ ማንም ሳያቅደው የማይረግፈው ዝርያ እየበዛ ሄደ። በቁፋሮ የሚገኝ የከሰለ የእህል ቅሪትም ይህን ይመሰክራል፤ በራሱ የረገፈው መገንጠያው ልሙጥ ሲሆን፣ በውቂያ የተላቀቀው ግን ሻካራ ነው።

በገሊላ ባሕር ዳርቻ በኦሃሎ የተገኘው ሰፈር እንደሚያሳየው ሰዎች ከዛሬ 23,000 ዓመት ገደማ በፊት የዱር ገብስና ስንዴ ይሰበስቡ ነበር። የተላመዱት ዝርያዎች በመካከለኛው ምሥራቅ በግልጽ የታዩት ግን ከ10,000 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የማይረግፈው ዝርያ ማሳውን እስኪሞላም ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አርኪዮሎጂስቱ ጎርደን ቻይልድ ይህን ሽግግር «አብዮት» ብሎታል፤ በውጤቱ ትልቅነት ቢስማማውም፣ ይህን ያህል አዝጋሚ ለሆነ ለውጥ ቃሉ የተጣደፈ ይመስለኛል።

የዛላው ምልክት ለሁሉም ሰብል አይሠራም። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ የተላመደው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የዱሩ የሚራባው በዘር ሲሆን፣ የጓሮው እንሰት ግን ከአሚቾው ላይ ከሚበቅሉ ችግኞች ይባዛል፤ የሚቆረጠውም ፍሬ ሳያፈራ ነው። ከስሎ የሚቆይ ፍሬ ስለማይተው፣ የተላመደበትን ዘመን በቁፋሮ መከታተል ከገብሱ ይልቅ እጅግ አዳጋች ነው።