የመርከብ መሪ በመስቀለኛ ቃላት ውስጥ

የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት መሙላት የለመደ ሰው ባሕር በዓይኑ አይቶ ባያውቅም የመርከበኛ ቋንቋ መልመዱ አይቀርም። አርተር ዊን የመጀመሪያውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ዛሬ በአሜሪካ ልማድ እያንዳንዱ ሆሄ በአግድሙም በቁልቁሉም ቃል ውስጥ መግባት ስላለበት፣ አናባቢ የበዛባቸው አጫጭር ቃላት እጅግ ይፈለጋሉ። «ነፋስ ወደማይመታው ጎን» የሚል ፍንጭ ሲመጣ መልሱ «አሊ» ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ሆሄ ሆኖ ሦስቱ አናባቢ ናቸው። «ሄልም» መሪው፣ «ቲለር» የመሪው እጀታ፣ «ራደር» ውኃ ውስጥ ገብቶ መርከቡን የሚያዞረው ሰሌዳ፣ «ላፍ» ደግሞ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማስጠጋት ነው።

እነዚህን ቃላት በቃል መያዝ ለጨዋታው ይበቃል። ታሪካቸውን ማወቅ ግን ከጨዋታው ይበልጥ ያስደስታል። «ስታርቦርድ» የመርከብ ቀኝ ጎን መጠሪያ ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የመሪ ጎን» ማለት ነበር። መሪው ከኋላ መሐል መተከል ሳይጀምር መርከብ የሚዞረው በቀኝ ጎን በተንጠለጠለ ትልቅ መቅዘፊያ ነበርና። መቅዘፊያው እንዳይሰበር መርከቡ በግራ ጎኑ ወደቡን ይጠጋል። ግራው ጎን ቀድሞ «ላርቦርድ» ይባል ነበር። በማዕበል መሐል ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ስለሚመሳሰሉ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844፣ የአሜሪካው በ1846 «ፖርት» (ወደብ) በሚለው ተኩት።

መሪ የሚዞርበት ትእዛዝም የራሱ መዘዝ ነበረው። እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ መርከቡ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ ክብ መሪ ከመጣ በኋላም አዛዦች እጀታው የሚሄድበትን አቅጣጫ መጥራታቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት በታይታኒክ ላይ መኮንኑ ዊልያም መርዶክ የበረዶውን ተራራ ለማምለጥ «ወደ ስታርቦርድ» ብሎ አዘዘ። መሪ ያዡ ሮበርት ሂቼንስ ትእዛዙን በትክክል ፈጸመ፤ መርከቡም እንደታሰበው ወደ ግራ ዞረ። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው መሪ ያዡ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም። እንግሊዝ ይህን ልማድ የተወችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ «መሪ» የምትለው ሁለት ሆሄ ሁሉን ትሸከማለች፤ የመኪናውም የአገሩም መሪ ናት። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሪኮች የመርከብ መሪ ያዡን «ኪበርኔቴስ» ይሉት ነበር፤ ሮማውያን ቃሉን ወርሰው ከእሱ የእንግሊዝኛው «ጋቨርን»፣ ማለትም ማስተዳደር፣ ተገኘ። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 4 በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታላላቆቹን መርከቦች የምትመራው ታናሽ ነገር «መቅዘፊያ» ተብላለች። በዚያ ዘመን መርከብ በመቅዘፊያ ይዞር ስለነበር ቃሉ ቦታውን አልሳተም።

በአማርኛ ፊደል የሚዘጋጅ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ጠባዩ ሌላ ነው። አንድ ሳጥን የሚይዘው ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሆነ የ«መሪ» ሁለተኛ ሳጥን ከ«ጋሪ» ጋር ይገጥማል፤ ከ«ገበሬ» ጋር ግን አይገጥምም። ከሁሉ የሚያስቸግረው «መልሕቅ» ነው። አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል፤ ሁለቱም ሲነበቡ ያው ናቸው፤ በቁልቁሉ የሚያልፈው ቃል ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ አዘጋጁ የትኛውን አጻጻፍ እንደተከተለ ከጨዋታው ራስጌ ቢያመለክት ተጫዋቹን ከከንቱ ድካም ያድነዋል።