«ፔም» ምንድን ነው? የማግስቱ መዘዝ

ባለፈው ሰኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤቴ እናቷ አረፉባት። ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ቡና ቀዳሁ፣ ሰሃን አመላለስኩ፣ ከመጣው ሰው ጋር አወራሁ። ማታ ደረጃውን ወጥቼ አራተኛ ፎቅ ቤቴ ገባሁ። ደህና ነበርኩ፤ እንዲያውም «ተመስገን፣ ሰው ሆንኩ» ብዬ ነበር። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ከዚያ መገጣጠሚያዬን፣ ከዚያ ራሴን። ማታ ላይ ጥርሴን ልቦርሽ ብዬ እጄን አፌ ድረስ ማንሳት አቃተኝ፤ ብሩሹን ማጠቢያው ላይ ጥዬው ተመለስኩ። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ።

ይሄ ነገር ስም አለው። በሕክምናው «ፖስት ኤክሰርሽናል ማሌዝ» ይባላል፤ ሕመምተኞች አሳጥረው «ፔም» ይሉታል። እኔ ለቤተሰቦቼ ሳስረዳ «የማግስት መዘዝ» እላቸዋለሁ። ሰውነት ከሚችለው በላይ ከተጣረ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ፣ የሕመሙ ምልክቶች ተያይዘው ሲብሱ ማለት ነው። ቀናት ይቆያል፣ አንዳንዴም ሳምንታት። ጥረት ስል ደግሞ ሩጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ረጅም ስልክ ማውራት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም፣ ቅጽ መሙላት፣ ጭቅጭቅ፣ ማልቀስም ጥረት ነው።

ተራ ድካም አይደለም። የደከመው ሰው ተኝቶ ያድርና ይነሳል። እዚህ ግን እንቅልፉ ራሱ አያሳርፍም፤ ጭንቅላት ይደበዝዛል፣ የምታውቁት ቃል ይጠፋባችኋል፣ ብርሃንና ድምፅ ያማል።

ፔም «ኤም ኢ» ወይም «ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም» (የማይለቅ ድካም እንደ ማለት) የሚባለው ሕመም ዋና መለያ ነው፤ ሎንግ ኮቪድ፣ ማለትም ኮቪድ ካለፈ በኋላ ለወራት የማይለቅ ሕመም፣ ከያዛቸው ሰዎችም ብዙዎቹ አለባቸው። ነገሩ ከኮቪድ ጋር የመጣ አይደለም። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች ባንድ ሰሞን ታመው ሆስፒታሉ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ኤም ኢ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2006 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ኢንፌክሽኖች የያዟቸውን 253 ሰዎች የተከታተለ ጥናት ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ 12 ከመቶዎቹ ገና አልተነሱም። ማን እንደሚቀር አስቀድሞ የጠቆመው የመጀመሪያው ሕመም ክብደት እንጂ የሰውየው ጠባይ ወይም የቀደመ ጭንቀቱ አልነበረም። ይህችን «ጭንቀት ነው» ለሚለኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ከሁሉም የሚከፋው መዘግየቱ ነው። ለቅሶ ቤት አብራኝ የነበረች ሴት በሦስተኛው ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ «ትናንት ወዲያ ቡና ስትቀጂልን አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ክፋት የለባትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔም ብሆን ለሁለት ዓመት አልገባኝም ነበር፤ ምክንያቱም በወደቅኩ ቁጥር የምፈልገው የዚያን ቀን ምን እንዳደረግኩ ነው፣ መልሱ ግን ያለው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ብርድ ነው እል ነበር፣ ምግቡ ነው እል ነበር። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ጸሎቱ ልቤን አሳረፈው፣ የመመለሻው ዳገት ግን በማግስቱ ጣለኝ። መላ ያገኘሁት ደብተር ገዝቼ የየቀኑን ሥራ በግራ፣ ሕመሙን በቀኝ መጻፍ ስጀምር ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሥርዓቱ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

መዘግየቱን በመሣሪያ የሚይዝ ምርመራም አለ። ሰውየው ጭምብል አድርጎ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይመታል፣ የሚስበውና የሚያወጣው አየር ይለካል። ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ጤነኛ ሰው፣ ስፖርት ነክቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ በሁለተኛው ቀን የተቀራረበ ውጤት ያመጣል። በኤም ኢ ሕመምተኞች ላይ ግን የሁለተኛው ቀን አቅም ወርዶ ይገኛል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ቢለኩ ብዙዎቹ «ምንም የለብህም» ተብለው ይሸኙ ነበር። (ምርመራው ራሱ ሰው ሊጥል ስለሚችል ለሁሉም አይመከርም።)

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሎንግ ኮቪድ ካለባቸው 25 ሰዎችና ከ21 ጤነኞች የጡንቻ ናሙና ወሰዱ። አንዱን ብስክሌት ከመምታታቸው ሳምንት ቀድሞ፣ አንዱን በማግስቱ። ከጥረቱ በኋላ በሕመምተኞቹ ጡንቻ ላይ ጉዳት ታየ፣ ኃይል የሚያመነጨው የሴል ክፍል፣ ሚቶኮንድሪያ፣ ሥራውም ቀንሶ ተገኘ። ያንን ጥናት አልጋ ላይ ሆኜ በየቀኑ አንድ አንቀጽ እያልኩ ነው የጨረስኩት፤ አለቀስኩ። ጡንቻዬ አልዋሸም።

ታዲያ ለምን «ስፖርት ሥሪ» ይሉናል? አንድ ሐኪም «ደምሽ ንጹሕ ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ተራመጂ» ብሎኝ በዘጠነኛው ቀን ሦስት ሳምንት የሚያስተኛ ውድቀት ወደቅኩ። እሱም ከራሱ አላመጣውም። በ2011 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና 641 ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት እንቅስቃሴን እየጨመሩ መሄድ ይረዳል ብሎ ነበር። ሕመምተኞችና አንዳንድ ሳይንቲስቶች ዓመታት ተሟገቱ፣ መረጃው በ2016 ተለቀቀ፣ እንደገናም ሲሠላ ውጤቱ ሳሳ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በጥቅምት 2021 ምክሩን ከመመሪያው አወጣው። ፔም ለሌለበት ሰው እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፤ ፔም ላለበት ግን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው መጀመሪያ መጠየቅ አለበት፦ «ከደከምሽ በማግስቱና በሠልስቱ ምን ትሆኛለሽ?» ድካም ያለበት ሁሉ ደግሞ ይሄ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ ድብርት ቀድመው ይታዩ።

ለፔም የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ያለን መመጠን ነው፣ ፈረንጆቹ «ፔሲንግ» የሚሉት፦ ሳይደክሙ ማረፍ፣ ደህና በሆኑበት ቀን ግማሹን ብቻ መሥራት። እኔ ሽንኩርት የምከትፈው ተቀምጬ ነው። ገላዬን የምታጠበው ዱካ ላይ ነው። እንግዳ ካለ የዚያን ቀን ልብስ አይታጠብም። ከባዱ ደህና ሲሆኑ ማቆም ነው፤ እጅ ይበላል፣ ቤቱ ይጠራል።

ምርምሩን መከታተል ግን አልተውኩም። በነሐሴ 2025 ዲኮድ ኤም ኢ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ከ15,000 በላይ ሕመምተኞችን ዘረመል መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ስምንት ቦታዎችን አገኘ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ከበሽታ መከላከያና ከነርቭ ጋር የሚገናኙ ናቸው። ነገ መድኃኒት ይመጣል ማለት አይደለም፣ የት እንደሚፈለግ ግን ያመላክታል።

በመጪው ሰኔ የጎረቤቴ እናት ሙት ዓመት ነው። ከፊቱ ሁለት ቀን፣ ከኋላው አራት ቀን ባዶ አድርጌ ይዣለሁ። ጎረቤቴ ከአሁኑ «በሩ አጠገብ ፍራሽ አነጥፍልሻለሁ፣ አንድ ስኒ ጠጥተሽ ትወጪያለሽ፣ ማንም ተነሽ አይልሽም» ብላኛለች።