ወንድ ነው ሴት? ለማዳ እባብ ስለማርባት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እባብ ላርባ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርጠው ቀለም ነው። ጾታው የሚታወሰው «ጥንዶቹ» ሁለት ዓመት አብረው ከርመው ሁለቱም ሴት ሆነው ሲገኙ ነው።

«ትልቁ ወንዱ ነው»

በብዛት ለማዳ ሆነው በሚረቡት እባቦች፣ በቦል ፓይተንና በቦአ፣ ተቃራኒው ነው፤ የምትገዝፈው ሴቷ ናት። ወንዶቹ ለሴት በሚታገሉባቸው አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ወንዱ ይበልጣል።

«ጅራቱን አይቶ መለየት ይበቃል»

ግማሹ እውነት ነው። ወንዱ ሁለት ብልት አለው፤ ሁለቱም እንደተገለበጠ የጓንት ጣት ወደ ውስጥ ገብተው በጅራቱ ሥር ይቀመጣሉ። ጅራቱ ከሥሩ ወፈር፣ ረዘምም የሚለው ለዚህ ነው፤ የሴቷ ቶሎ ይቀጥናል። ሁለት ትልልቅ እባቦችን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ ይታያል፤ በቅርብ የተፈለፈለ ላይ ግን ግምት ነው።

እርግጡን የሚፈልግ ባለሙያ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ በቅባት አርሶ በፊንጢጣው በኩል ወደ ጅራቱ ጫፍ አቅጣጫ በቀስታ ይሰዳል። የገባውን ያህል በጣቱ ይዞ ያወጣና ከጅራቱ ሥር ካሉት ቅርፊቶች ጋር ያመሳክራል። በቦል ፓይተን ሦስት አራት ቅርፊት ላይ ከቆመ ሴት፣ ስምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ወንድ ነው። ጡንቻውን ያጠበቀ ወንድ ግን ሴት መስሎ ያሳስታል። ልምድ የሌለው እጅ ስለሚያቆስል እኔ ለጀማሪ አልመክርም።

«የማፈልፈያውን ሙቀት ቀያይሮ ሴት ማብዛት ይቻላል»

ይህ የአዞና የብዙ ኤሊዎች ጠባይ ነው። የእባብን ጾታ የሚወስነው ክሮሞዞም ነው፤ ሙቀቱን ያዛባ ሰው የሚያተርፈው የተጣመመ አከርካሪ ወይም የሞተ ሽል ነው። ኮርን ስኔክ በሚባለው ለማዳ እባብ የልጆቹን ጾታ የምትወስነው እናት ናት። ፓይተንና ቦአም እንደዚያው ናቸው ሲባል ኖሮ በ2017 የወጣ ጥናት በእነሱ ዘንድ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ የሚወስነው አባት መሆኑን አሳየ።

አርቢዎች ነገሩን ቀድመው ጠርጥረው ነበር። ባናና የሚባለው የቦል ፓይተን ቀለም ከጾታ ክሮሞዞም ጋር ይወረሳል፤ ከእናቱ የወረሰው ወንድ ቀለሙን በአብዛኛው ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል፤ ከአባቱ የወረሰው ደግሞ ለወንዶቹ። ስለዚህ ባናና ወንድ ስትገዙ ቀለሙ ከማን እንደመጣ ጠይቁ።

«ብቻዋን የኖረች ሴት እንቁላል ባዶ ነው፣ ይጣል»

አትቸኩሉ። ሴቷ የወንድ ዘር በሰውነቷ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ታቆያለች። ከስንት አንዴ ደግሞ ወንድ ሳይነካት የምትራባ አለች፤ በፓይተንና በቦአ እንዲህ የሚገኙት ልጆች ሴቶች ናቸው።

«አብረው ይኑሩ፣ ይላመዳሉ»

ኪንግ ስኔክ የሚባለው እባብ አብሮት ያደረውን እባብ ይውጣል። ሌሎቹም ቢሆኑ ያልደረሰችውን ሴት ያስረግዟታል። ወንድ ቦል ፓይተን 700 ግራም ገደማ ሲሞላ ለመራባት ሊበቃ ይችላል፤ ሴቷን ግን ብዙዎች 1,500 ግራምና ሦስት ዓመት እስክትሞላ ይጠብቋታል፤ እንቁላል ስትይዝና ስትታቀፍ ለወራት ምግብ ልትተው ትችላለችና።