«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ማን ማንን ይስባል?

በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ሽማግሌ ሲልክ ከልጅቷ ወገን እንዲህ የሚል አይጠፋም፦ «አሳዳጊዎቹስ የተከበሩ ናቸው፤ ወላጆቹ ግን አይታወቁም። ዘር ከልጓም ይስባል!» ነገሩም በዚያው ያበቃል። ምሳሌው ግን ለዚህ አልተነገረም። የወላጅ ጥፋት በልጅ ይወጣል አይልም። የሚስበው ዘመድ ነው፣ የሚሳበውም ዘመድ።

ክብደቱ የሚገባው ልጓሙን ላወቀ ነው። የጥንቱ ያገራችን ልጓም ብረቱ ምላስ ላይ ያርፋል፤ ከብረቱ የተያያዘው ቀለበት ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ያቅፋል። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ላንቃን፣ ቀለበቱ አገጭን ይጫናል፤ የሚጋልብ ፈረስ በጥቂት እርምጃ ይቆማል። እጁ የከበደ ጋላቢ አፍ ያደማል። ታዲያ ከዚህ የበለጠ የሚስብ ምን አለ?

እኔ ምሳሌው ከባዝራ የመጣ ነው ባይ ነኝ። አራስ ባዝራ ውርንጭላዋን ቤት ትታ ገበያ ብትጫን፣ ትንሹ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ የሚጠባ ነውና፣ ግቷ ተወጥሮ መንገድ ላይ ታሽካካለች፣ አንገቷን ወደ ቤት ታዞራለች። ያኔ ብረቱ አፏን እየቆረጠውም ትስባለች። ለዚህ ነው አዋቂ ባላገር ውርንጭላውን አስከትሎ የሚሄደው፤ ያለዚያም ባዝራዋን ያሳርፋታል። ምሳሌው «ይስባል» አለ እንጂ «ያጠፋል» አላለም፤ ለእኔ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ዘር መጠየቁ በራሱ ነውር አይደለም። ሰባት ቤት መቁጠር የጋብቻ ደንብ ነው፦ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማት፣ ሽማት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት፤ አጠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል። በእናትም በአባትም ወገን ሲቆጠር በሰባተኛው ቤት ብቻ 128 ሰው አለ፤ ከወላጅ ጀምሮ ሲደመር 254። ይህን ሁሉ ማንም በቃሉ አይዝም። ሽማግሌዎች የሚያደርጉት የሁለቱን ወገን ስሞች ከነአገራቸውና ከነደብራቸው እየጠሩ የሚገጥም ካለ ማዳመጥ ነው። ስሕተቱ የሚገባው አንዱ በዓለም ስሙ፣ ሌላው በክርስትና ስሙ ሲጠራ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ያልፋል።

በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ቆጠራው የሚሰበርበት ገና በመጀመሪያው ቤት ነው። በእኛ አገር ከስም ቀጥሎ የሚጠራው አባት ስለሆነ፣ የአሳዳጊው ስም ሲገባ የወላጁ ይሸፈናል። ስለዚህ ፍለጋው የጉዲፈቻውን ውል ካጸደቀው ፍርድ ቤት መዝገብ ይጀመር፦ የቀድሞ ስም፣ የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቀበሌ። ከዚያ ወደ ቀበሌው ሽማግሌዎች። የእናት ወገን ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሚተው ለብቻው ይጠየቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ቢቆጥርም ከተወለደበት ቤት ዝምድናውን አይቆርጥም። ስለዚህ ቆጠራው በሁለቱም ቤት ነው፤ ካሳዳጊዎቹ ልጅ ጋር አብሮ ማደጉም እህትና ወንድም ያደርጋቸዋል።

ወላጆቹ ጨርሶ ያልታወቁስ? ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች የጉዲፈቻ በር ከመዝጋቷ በፊት አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። ብዙዎቹ ዛሬ ለትዳር ደርሰዋል፤ እርስ በርስ የሚጋቡም አይጠፉም። ለእነሱ የዲኤንኤ ምርመራ አለ። ዋናው ዘዴ ሁለቱ እጮኛሞች በአንድ ድርጅት መመርመራቸው ነው፤ ያኔ በመዝገቡ ሌላ ኢትዮጵያዊ ባይኖርም እርስ በርሳቸው ይነጻጸራሉ። የአንድ አባትና እናት ልጆች ግማሽ ያህል ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ሩብ ያህል፤ የወንድማማች ልጆች አንድ ስምንተኛ ያህል። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ምርመራው ይስታል፤ በአምስተኛው ቤት፣ ማለትም በሽማት፣ ከሚገናኙት ዘመዶች ግማሽ ያህሉን አያሳይም። ስለዚህ «አልተገናኙም» የሚለው ውጤት ለቅርብ ዝምድና ዋስትና ነው እንጂ ለሰባት ቤት አይበቃም። ይህን ለሽማግሌ አስቀድሞ መንገር ያሻል፤ ኋላ «ተዋሸን» እንዳይባል።

ምሳሌውን ለመንቀፊያ የምታነሡት ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቦታው ላይ መልሱት። ምሳሌው የሚያምርበት ልጁ ሠርጉ ሳይደርስ የትውልድ ቀበሌውን ፈልጎ ሲሄድ፣ አንዲት አሮጊት ከሩቅ አይታው «የእገሌን አረማመድ!» ብላ ስትነሣ ነው። በሽምግልናው ቀን ግን ቆጠራው ጐደለ ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የራሳችሁን ወገን እስከ ሽማት ጥሩ፤ ከልጅቷም ወገን ስንት ስም እንደ ጐደለ ያኔ ይታያል።