ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? ማክቤዝ በዙሉ ምድር

ውርስ ትርጉም ማለት የአንድን ተውኔት ታሪክና የግጭቱን አካሄድ ተቀብሎ፣ ቦታውን፣ ዘመኑን፣ የባለታሪኮቹን ስምና ወግ ግን ወደ ሌላ ሕዝብ ሕይወት አዛውሮ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ከቀጥተኛ ትርጉም የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን በአማርኛ ሲያናግረው ልዑሉ የዴንማርክ ልዑል እንደሆነ ቀርቷል። ደቡብ አፍሪካዊው ዌልካም ምሶሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው «ኡማባታ» ንጉሡን ገድሎ የሚነግሠውን የሼክስፒርን ማክቤዝ ከስኮትላንድ አውጥቶ ማባታ የሚባል የዙሉ ጦር መሪ አደረገው።

ታሪኩ ለዙሉ ተመልካች ባዕድ አልነበረም። ትናንሽ ጎሳዎችን አስገብሮ ኃያል መንግሥት ያቆመው ሻካ እ.ኤ.አ. በ1828 የተገደለው በገዛ የአባቱ ልጆች እጅ ሲሆን፣ ከገዳዮቹ አንዱ ዲንጋኔ ዙፋኑን ወርሷል። ንጉሡን ገድሎ የሚነግሥ የቅርብ ሰው በዚያ ምድር በታሪክ የሚታወቅ እንጂ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

የውርስ ትርጉም ፈተና ጎልቶ የሚታየው ግን ትንቢት ተናጋሪዎቹ ላይ ነው። በሼክስፒር ተውኔት ሦስት ጠንቋዮች የነበሩት በምሶሚ ዘንድ ሳንጎማዎች ሆነዋል። ዙሉዎች ሰው ለመጉዳት መድኃኒት የሚያደርገውን «ኡምታካቲ» ሲሉት፣ ሳንጎማ ግን የአባቶች መንፈስ በሕመም ወይም በሕልም የጠራት፣ በአስተማሪዋ ሥር ሆና የሠለጠነች፣ አጥንት በትና የበሽታንና የመከራን ምንጭ የምትፈልግ፣ ሰው ሲጨንቀው ደጇን የሚጠናባት ናት። ስለዚህ ማባታ «ትነግሣለህ» ሲባል የሚሰማው ከጭጋግ ውስጥ የወጣ የክፉ ድምፅ ሳይሆን መላው ማኅበረሰብ የሚያከብረው ቃል ነው፤ ንግሥናውን ያወጁለት አባቶች ግድያውንም አዝዘውት እንደሆነ ግን ራሱ መወሰን አለበት። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ተውኔቱን ያከብደዋል። በሌላ በኩል ፈዋሽን በጠንቋይ ወንበር ማስቀመጥ ሳንጎማዎችን እንደሚበድል መካድ አይቻልም፤ እንዲህ ያለው መዛነፍ ውርስ ትርጉምን አይለቀውም።

ስሞቹም በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው። የሚገደለው ንጉሥ ዱንካን «ዳንጋኔ»፣ የማክቤዝ የጦር ጓድ ባንኮ «ብሃንጋኔ»፣ ባላንጣው ማክደፍ «ማፉዱ» ሲባሉ የመጀመሪያው ድምፅ ከስር ይሰማል። የማክቤዝ ሚስት ግን በባሏ ስም መጠራቷ ቀርቶ ካማዶንሴላ ተብላለች፤ በዙሉ ወግ ያገባች ሴት የአባቷን ወገን ስም ይዛ ትኖራለችና። እኛም ሴት ልጅ ብታገባም በአባቷ ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን፣ ይህች አንዲት ቃል ሴትዮዋን የባል ጥላ ከመሆን እንዴት እንደምታወጣት ለመረዳት አንቸገርም።

ንጉሥና ጀግና የሚወደሱትም «ኢዚቦንጎ» በሚባለው የዙሉ የውዳሴ ግጥም መንገድ ነው፤ ከበሮው፣ የጦረኞች ጭፈራና የጋሻው ድምፅም ንግግሩን ያጅባሉ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን በአልድዊች ቴአትር፣ በ1997 ደግሞ በሼክስፒር ግሎብ መድረክ በዙሉ ቋንቋ ታይቷል። ሆኖም የመጀመሪያው ጉዞ በአፓርታይድ ዘመን ስለነበር፣ ጭፈራውና የቆዳ ልብሱ የባዕዱን ዓይን ማርኮ የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች የዕለት ሕይወት ተሸፍኗል የሚል ትችት ተነሥቶበታል። ትችቱ እውነት አለው። ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች ግን ከጭፈራው በፊት የካማዶንሴላን ንግግር ይሰማል።