ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን መለካት፦ ስለ ሜታቦሊዝም፣ ሥነ ምግብና ክሊኒካል ላቦራቶሪ ምርምር አጠቃላይ ዳሰሳ

ሜታቦሊዝም ማለት ሕይወት ያለው አካል የተመገበውን አፍርሶ ጉልበት የሚያገኝበት፣ ከፈረሰውም መልሶ ሥጋውን፣ አጥንቱንና ደሙን የሚገነባበት የኬሚካዊ ለውጦች ድምር ነው። የሥነ ምግብ ምርምር ወደ አካል የሚገባውን ያጠናል፤ የክሊኒካል ላቦራቶሪ ደግሞ እነዚህ ለውጦች በደም፣ በሽንትና በሌሎች ናሙናዎች ላይ የሚተዉትን ምልክት ይለካል። ሦስቱ ዘርፎች ለየብቻ የሚማሩባቸው ሙያዎች ቢሆኑም አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ የተበላው ካልታወቀ የደም ውጤት ትርጉሙ ይጎድላል፣ የደም ውጤቱ በትክክል ካልተለካም ስለ ምግብ የሚነገረው ሁሉ ከግምት አያልፍም። የዘርፉ ታሪክ ከምንም በላይ የልኬት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ከትልቅ ሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር እየተቀመጠ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከአካሉ የሚወጣውን ለረጅም ዓመታት መዘነ። በዓይን የሚታየው ወጪ ከገቢው በእጅጉ እንደሚያንስ አየና ጉድለቱ በቆዳና በትንፋሽ ሳይታይ የሚተን ነው ሲል በ1614 ውጤቱን አሳተመ። አንቷን ላቯዚዬ እና ፒየር ሲሞን ላፕላስ ከ1782 እስከ 1783 ባለው ክረምት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑረው፣ ከእንስሳው ሙቀት የተነሣ የቀለጠውን በረዶ መዝነው ከተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አነጻጸሩ፤ መተንፈስም እንደ ከሰል መንደድ ያለ፣ ነገር ግን ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን አሳዩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ማክስ ሩብነር በውሾች፣ ዊልበር አትዋተር ደግሞ በሰዎች ላይ ያንኑ ሥራ አስፋፉት። አትዋተር በአሜሪካ ባሠራው ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ለቀናት እየበላ፣ እየተኛና እየሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ሁሉ ይለካ ነበር። ዛሬም በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የካሎሪ ቁጥር በአብዛኛው የሚሰላው ለአንድ ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ ለአንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎካሎሪ በሚሰጡት የእርሱ አማካዮች ነው። አማካይ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ የሕዋስ ግድግዳቸው ጠንካራ የሆኑ ፍሬዎች ሳይፈጩ ሲበሉ ቅባታቸው በከፊል ከአካል ጋር ሳይዋሃድ ስለሚያልፍ፣ አካል ከእነርሱ የሚያገኘው ጉልበት ከማሸጊያው ቁጥር ያነሰ ነው።

ካሎሪ ግን ሁሉን አልገለጠም። በጃቫ ደሴት ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በላቦራቶሪው ያሉ ዶሮዎች በሪበሪ የተባለውን፣ ነርቭን የሚጎዳ የሰው በሽታ በሚመስል ሕመም እግራቸው ሲሽመደመድ፣ ከዚያም ያለ ሕክምና ሲድኑ ተመለከተ። ነገሩ ሲጣራ ዶሮዎቹ ለጊዜው ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ፣ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ሲበሉ ቆይተው፣ ወጥ ቤት ኃላፊው ሲለወጥ ወደ ቀድሞው ያልተፈተገ ሩዝ ተመልሰው ኖሯል። አይክማን በመጀመሪያ በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። በሽታው የሚመጣው ከሚበላው ነገር ሳይሆን ከሌለው ነገር መሆኑን፣ ይኸውም አብሮ ተፈትጎ ከሚወገደው ስስ ሽፋን ጋር የሚጠፋ አንድ ንጥረ ነገር መሆኑን የተረዳው ተተኪው ሄሪት ግራይንስ ነው። ካዚሚር ፉንክ በ1912 ለእንዲህ ዓይነቶቹ ንጥረ ነገሮች ቫይታሚን የሚለውን ስም አወጣላቸው፤ የበሪበሪው ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ይባላል።

የምግብን ይዘት መለካትም የራሱ ወጥመድ አለው። ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በ1883 ያወጣው ዘዴ ፕሮቲንን በቀጥታ አይለካም፤ ናይትሮጅንን ለክቶ፣ ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው በሚል በ6.25 ያባዛል። ቀላል፣ ርካሽና ለታማኝ ናሙና በቂ ነው። በ2008 በቻይና የተገለጠው የወተት ቅሌት ግን ክፍተቱን በአሳዛኝ ሁኔታ አሳየ፦ ውሃ የተጨመረበት ወተት ፕሮቲኑ ያልጎደለ እንዲመስል በናይትሮጅን የበለጸገው ሜላሚን ተቀላቀለበት፣ ምርመራውም አሳለፈው፤ ሕፃናትም በኩላሊት ጠጠር ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። ምን እንደሚለካ ሳያውቁ ቁጥርን ማመን የሚያስከፍለውን ዋጋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሦስቱ ዘርፎች በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተው ታላቅ ፍሬ ያፈሩት ፌኒልኬቶኑሪያ በተባለው፣ ከልደት ጀምሮ በሚኖር የሜታቦሊዝም በሽታ ነው። በ1934 የአእምሮ ዕድገታቸው የተጓደለ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ወደ ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ መጣች፤ ከልጆቿ የማይለቅ እንግዳ ጠረን ነበር። ፎሊንግ በሽንታቸው ላይ የተለመደውን የፈሪክ ክሎራይድ ጠብታ ሲጨምርበት፣ ከሚጠበቀው ቀይ ቡናማ ይልቅ ሽንቱ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ። ነገሩን በዚያ አልተወውም፤ እናትየዋ ሽንት እያጠራቀመች ስታመጣለት እርሱ ቀለሙን የሚሰጠውን ነገር አጥርቶ፣ ፌኒልፓይሩቪክ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ። በኋላ እንደታወቀው እነዚህ ልጆች ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም ይጎድላቸዋል፤ ከተራ ምግብ የሚገኘው ፌኒልአላኒን በደማቸው እየተከማቸ አእምሮን ይጎዳል። አርቺባልድ ጋሮድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከልደት ጀምሮ የሚኖሩ የሜታቦሊዝም ስህተቶች አሉ ብሎ ያስተማረው በእንዲህ ያለው በሽታ ተረጋገጠ።

መድኃኒቱ ምግብ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ ፌኒልአላኒኑ የተቀነሰ ምግብ ለአንዲት ሕፃን ሰጥተው ለውጥ አዩ፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር አመጋገብ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ ጥያቄው ሕፃኑ ገና ጤነኛ ሳለ እንዴት ይታወቅ የሚል ሆነ። ሮበርት ገስሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰጠው መልስ በቀላልነቱ ያስደንቃል፦ ከጨቅላው ተረከዝ የተወሰደች የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ትደርቃለች፣ ከወረቀቱም በክብ የተበሳችው ቁራጭ ባክቴሪያ በተዘራበት ጄል ላይ ትቀመጣለች፤ ደሙ ፌኒልአላኒን ከበዛበት ባክቴሪያው በዙሪያዋ ቀለበት ሠርቶ ያድጋል። ዛሬ በብዙ አገሮች ያቺው የደረቀች ጠብታ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ተመርምራ በርካታ በሽታዎችን ትናገራለች። በጊዜው ተገኝቶ አመጋገቡን የጠበቀ ሕፃን አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያድጋል።

የላቦራቶሪ ቁጥር ግን ከመሣሪያው በፊት ብዙ መንገድ ይጓዛል፤ የስህተቱም አብዛኛው እጅ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የደም ስኳርን እንውሰድ። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምንም ሳይበላ የቆየ ሰው የደም ግሉኮሱ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ምርመራም ከጸና፣ ስኳር በሽታ አለበት ይባላል። ይሁንና በቱቦ ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች ገና በሕይወት ስላሉ ግሉኮስ መመገባቸውን አያቆሙም፤ የደሙ ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ቢቆይ ግሉኮሱ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ሲቀዳ 130 የነበረ ደም ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ወደ 115 ይወርዳል፣ ታካሚውም በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ይህን ይገታል፤ ነገር ግን ሙሉ ኃይሉ እስኪጀምር ጊዜ ስለሚወስድ ደሙን በሚያሽከረክረው መሣሪያ፣ በሴንትሪፊዩጅ፣ ቶሎ መለየትን አይተካም። ፖታሲየም በተቃራኒው ነው፤ በአቀዳዱ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወጥቶ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል።

ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ከዚህ ችግር በከፊል ያመልጣል። ግሉኮስ በሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ ቀይ ሴሉ እስኪሞት ድረስ፣ ይኸውም 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ መለያ ነው። ሴሎቹ ያለ ዕድሜያቸው በሚሞቱበት የደም ማነስ ግን ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። ፌሪቲንም የብረት ክምችትን ያሳያል ቢባልም ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የሰውነት መቆጣት ሲኖር ከፍ ስለሚል፣ ብረት ያጠረው ሰው ያልጎደለው ሊመስል ይችላል። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ደግሞ በዚሁ የሰውነት መቆጣት ጊዜ ስለሚወርድ በእርሱ ብቻ የምግብ እጥረትን መፍረድ ስህተት ነው።

በውጤት ወረቀቱ ላይ ኖርማል ተብሎ የሚጻፈው ክልል አብዛኛውን ጊዜ የጤነኞችን መካከለኛ 95 በመቶ ይይዛል፤ ስለዚህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ከክልሉ ውጭ መሆኑ አይቀርም። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ ከክልሉ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ይደርሳል። ሐኪም የማያስፈልግ ምርመራ ባያዝ ይመረጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው ራሱ እንዳይሳሳትም ባለሙያው መጠኑ የታወቀ የመቆጣጠሪያ ናሙና እየለካ፣ ሊቪና ጄኒንግስ በ1950 ባቀረቡት ሰንጠረዥ ላይ ነጥቡን ያሰፍራል፤ ነጥቦቹ ከመስመር ከወጡ ምክንያቱ እስኪታወቅ የታካሚ ውጤት አይለቀቅም።

የሥነ ምግብ ምርምር ትልቁ ድካም ሌላ ቦታ ነው፦ ሰው የበላውን አያስታውስም። ለረጅም ጊዜ ጥናቶች የተመሠረቱት በመጠይቅና ያለፈውን 24 ሰዓት በማስታወስ ላይ ነበር። የሚናገሩትን መመዘኛው የተገኘው ከተራው የከበዱ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች፣ ማለትም ዲዩተሪየምና ኦክስጅን 18፣ ያሉበትን ውሃ በማጠጣት ነው፤ ሁለቱ ምልክቶች ከአካል የሚወጡበት የፍጥነት ልዩነት የተመረተውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በእርሱም በኩል የወጣውን ጉልበት ይነግራል። ዘዴው በሰዎች ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት፣ ሰዎች ከበሉት አሳንሰው እንደሚናገሩ፣ ይህም ክብደታቸው ከፍ ባሉ ሰዎች ላይ እንደሚበረታ ታወቀ። በ2019 የታተመው የኬቨን ሆል ጥናት ስለዚህ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት በተቋም ውስጥ አስቀምጦ መገባቸው፤ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን ወደ 500 ኪሎካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ። ትክክለኛነቱ ከፍተኛ ነው፣ ሰዎቹ ግን ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው።

በተቋም ማስቀመጥ በማይቻልበት ጊዜ የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ ከናይትሮጅኑ የፕሮቲን፣ ከሶዲየሙ የጨው አወሳሰድ ይሰላል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራቀም የቀረ ሽንት ግን ስሌቱን ያፈርሳል። ስለዚህ ተሳታፊው በዕለቱ ፓራ አሚኖቤንዞይክ አሲድ ያለባቸው እንክብሎች እንዲውጥ ይደረጋል፤ ንጥረ ነገሩ በሙሉ ለማለት በሚያስችል መጠን በሽንት ስለሚወጣ፣ በተሰበሰበው ውስጥ ከተዋጠው 85 በመቶ በታች ከተገኘ ናሙናው ያልተሟላ ተብሎ ይለያል።